የጻፍኩትን ላንብብልህ

ጡረታ የወጣሁት ዓርብ ቀን ነው። ኬክ ተገዝቶልኝ ነበር። ዓርብ ስለሆነ የጾም ኬክ፣ ላዩ ላይ «ሲስተር ወይንሸት እናመሰግናለን» የሚል በቀይ የተጻፈበት። ሳይቆረስ ቀረ። ለምን እንደቀረ ሲደርስ እነግራችኋለሁ። እኔ ነገር ሲዘለል አልወድም፤ ነርስ ነኝ፣ ሙቀት ሳይለካ መርፌ አይወጋም።

ወይንሸት የሚለውን ስም አቃቂ ውስጥ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ለሁሉም ሲስተር ነኝ። ባለቤቴ ራሱ ሲናደድብኝ «እሺ ሲስተር» ይለኛል። የአእምሮ ጤና ነርስ ነበርኩ፤ ሆስፒታል ውስጥ ሳይሆን በየቤቱ እየዞርኩ የምሠራ። ኋላ ላይ «የክትትል አስተባባሪ» የሚል ማዕረግ ወጣልኝ። ደሞዙ ላይ ማዕረጉን የሚያህል ነገር አልተጨመረም፤ ሥራውም ያው የድሮው ነው። ከሆስፒታል የወጣ ሰው መድኃኒቱ እንዳይቋረጥበት፣ ቤተሰቡ እንዳይሰለቸው፣ አሠሪው እንዳያባርረው፣ እድሩ እንዳይረሳው መሯሯጥ።

ሥራ የጀመርኩት ዝዋይ አጠገብ አንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ ነው፤ ወባና ወሊድ። ከዚያ የአእምሮ ሕክምና ሥልጠና ወሰድኩና ሁለት ዓመት ሆስፒታል ውስጥ፣ በሩ ከውጭ የሚቆለፍ ክፍል ሠራሁ። አቃቂ ጤና ጣቢያ ሲመድቡኝ ግን አለቀስኩ። እውነቴን ነው። የወንዙ ሽታ፣ የፋብሪካው ጭስ፣ ክረምት ሲሆን ቁርጭምጭሚት የሚውጠው ጭቃ። ምን አጥፍቼ ነው እዚህ የጣሉኝ አልኩ። አሁን ከዚያ ሰፈር ርቄ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ የሚናፍቀኝ ያው ጭቃ ነው። ሰው ጉደኛ ፍጥረት ነው መቼም።

የተመደብኩ ዕለት የተቀበሉኝ ጋሽ ኃይሉ ነበሩ። ድሬሰር ሆነው ጀምረው እያደር ነርስ የሆኑ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ የፊት ጥርሳቸው ፍንጭት የሆነ ሰው። የባቡር ጣቢያ ልጅ ናቸው፤ አባታቸው ሐዲድ ሲጠግኑ ነው ያሳደጓቸው። እኔ ጋውኔን ተኩሼ ለብሼ፣ ቦርሳዬን አንግቤ በር ላይ ቆሜያለሁ።

«የት ልትሄጂ ነው?» አሉኝ።

«ከእርስዎ ጋር፣ ቤት ለቤት።»

«እንዲህ ሆነሽ ከእኔ ጋር አትሄጂም። ነጭ ለብሰሽ አንድ በር ካንኳኳሽ፣ ሰፈሩ ሁሉ እዚያ ቤት እብድ አለ ይላል። አውልቂና ነይ።»

እሳቸው መርፌውንም መድኃኒቱንም የሚይዙት በምሳ ዕቃ ነበር። ባለ ሦስት ደርብ፣ እጀታው የላላ ምሳ ዕቃ። ከታች መርፌው፣ መሃል ብልቃጡ፣ ከላይ ግን የእውነት ምሳቸው አለ፤ ጠጋ ብሎ ያሸተተ ሰው ሽሮ ነው የሚሸተው። አቃቂ ውስጥ ለብዙ ዓመት «እኚህ ሰውዬ ሰው ቤት እየዞሩ ምሳ የሚበሉት ቤት የላቸውም?» እየተባለ ይታሙ ነበር። እሳቸው ሰምተው ይስቃሉ።

አንድ ጊዜ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ኃላፊ መጣብን። ጋውንና ባጅ ግዴታ ነው አለ፤ በቀን ስንት በር እንዳንኳኳን የሚሞላ ቅጽም አወጣ። ጋሽ ኃይሉ ቅጹን አገላብጠው አዩና «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብለው አጉረመረሙ። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ጋውናችንን ለብሰን ከግቢ እንወጣለን፤ ከባጃጅ ተራው ጀርባ እናወልቅና ለሎሚ ሻጯ አደራ እንሰጣለን። ማታ ለብሰን እንመለሳለን። ልጁ እስኪዛወር ድረስ አላወቀም፤ ቅጹን ግን በሥነ ሥርዓት ሞላንለት።

ከሳቸው የተማርኩትን የትኛውም ክፍል ውስጥ አላስተማሩኝም። «ቤት ስትገቢ ሰውየውን አትይ፤ መጀመሪያ ሳህኑን እይ» ይሉኝ ነበር። በምሳ ሰዓት ነበር የምንሄደው፤ ሆን ብለው። የታመመው ሰው ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ትሪ ከበላ፣ ያ ቤት ገና አለ። ለብቻው በላስቲክ ሳህን፣ ጥግ ላይ ከተሰጠው፣ መድኃኒቱን በየቀኑ ቢውጥም ነገሩ እየተበላሸ ነው። ስለ መድኃኒቱ ከማውራታቸው በፊት «እስቲ ይሄንን ልጅ ጠጋ አድርጉት፣ አብረን እንብላ» ይላሉ። እምቢ የሚላቸው አልነበረም፤ እንግዳ ናቸዋ።

አንድ ቤት ልጃቸውን ጓዳ ውስጥ በሰንሰለት አስረው አገኘን። እኔ ደሜ ፈላ፤ አሁኑኑ ካልፈታችሁት ብዬ ልጮህ ነው። ጋሽ ኃይሉ ክንዴን ያዝ አድርገው አባትየውን «ቁልፉ ማን ጋ ነው?» ብለው ጠየቁ። አባትየው ኪሱን መታ መታ አደረገ። «ለዛሬ እናቱ ትያዘው፤ እርስዎ ደክሞዎታል» አሉት። ሌላ ምንም አላሉም። በሳምንቱ ስንመለስ ልጁ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር፤ እናትየው ቁልፉን መሶብ ውስጥ ጥላዋለች። እኔ ጮኼ ቢሆን ኖሮ በሩን ዘግተውብን ነበር።

መርፌ አወጋጋቸውንም ልንገራችሁ። በወር አንዴ የሚወጋው መድኃኒት ዘይት ነው፤ ወፍራም። ብልቃጡን መዳፋቸው ውስጥ ጨብጠው ወሬ ይጀምራሉ፤ ወሬው ሲያልቅ መድኃኒቱ ሞቋል። ቆዳውን በአውራ ጣታቸው ወደ ጎን ሳብ አድርገው፣ አስገብተው፣ ቀስ ብለው ይገፋሉ። ጨርሰው አሥር ቆጥረው ነው የሚያወጡት። ባለፈው ግራ ከሆነ ዛሬ ቀኝ፤ አንዱ ጎን ከተደጋገመ ይጠጥራል። ከዚያ «እስቲ ውሃ ቅዳልኝ» ይላሉ። የጠማቸው ይመስላል። የሚያዩት ግን የልጁን እጅ ነው፤ መድኃኒቱ ካንቀጠቀጠው ጠብታው ይናገራል።

ከሁሉም በላይ ግን ካርዱ። ጉብኝቱ ሲያልቅ እዚያው ቁጭ ብለው የታካሚውን ካርድ ይሞላሉ፤ ከዚያ ቀና ብለው «የጻፍኩትን ላንብብልህ» ይላሉ። ሁልጊዜ፣ ለሁሉም። የሚያወራው ትርጉም የሌለው ሰው ቢሆንም ያነቡለታል። «ሰው ስለሱ ከጀርባው የሚጻፍ ነገር ካለ ያብዳል» ይሉኝ ነበር፤ «ጤነኛውም።» እኔም ያዝኩት። ሲያረጁ ዓይናቸው ደከመና እኔ ነበርኩ የማነበው።

ታምራትን የማውቀው ከዚህ ንባብ ጋር ነው። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር ስቀበለው። ብረት ቤት ተቀጥሮ የመስኮት ፍርግርግ ሲበይድ ድምፅ መስማት የጀመረ ልጅ። ከእናቱ ከእማማ አሰለፈች ጋር በሰቃ በሚባለው ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል ቤት ይኖራሉ። እማማ አሰለፈች ዕድሜያቸውን ሙሉ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ሠርተው ጆሯቸው በማሽን ጩኸት ደክሟል። እኔ ካርዱን ሳነብ «ጮክ በይ፣ አይሰማም» ይሉኛል። ጮክ እላለሁ። ግድግዳው ቆርቆሮ ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ የታምራትን ካርድ በቃሉ ያውቀዋል። እሳቸው ግን አያፍሩም። እናትና ልጅ በአንድ ትሪ ነው የሚበሉት፤ ሳህኑን ማየት እንኳ አያስፈልግም ነበር።

ስድስት ዓመት ሙሉ በየወሩ ማክሰኞ፣ አንድም ሳያጎድል ተወጋ። ወደ ብየዳው ተመለሰ። ጋሽ ኃይሉ «ይሄ ልጅ የአንቺ ምስክር ወረቀት ነው» ይሉኝ ነበር። ኮራሁ፤ መኩራት ሳይሆን አይቀርም ያሳሳተኝ።

አንድ ቀን ጠዋት እህቱ ብርቱካን ደወለችልኝ። እሷ ቃሊቲ ነው ያገባችው። እናታቸው እሷ ጋ እንዳሉ ማታ ደረታቸውን አሟቸው፣ ወደ ሆስፒታል ወስዳቸው ሌሊቱን ዐርፈዋል። ድምፅዋ ተቆራርጧል።

«ሲስተር፣ ታሜ እንዳይሰማ። ይነሳበታል። ስድስት ዓመት የለፋሽበት ልጅ ነው፤ በእናትሽ ይዤሻለሁ።»

ጋሽ ኃይሉ የሉም፤ የወንድማቸው ልጅ ሰርግ ናዝሬት ሄደዋል። ለመርዶ ደግሞ ያለንን ነገር ታውቁታላችሁ። የታመመ፣ የወለደች፣ ፈተና ያለበት፣ መንገድ የሚሄድ፣ ለሁሉም ይደበቃል። ደግነት ነው ብለን ነው። እኔም «እሺ» አልኩ። ከእሺም አለፍኩ። ድንኳኑ ቃሊቲ ብርቱካን ደጅ ይጣል ተባለ፤ እኔ ደግሞ ለቀስተኛው እንዳያገኘው፣ «ታሜ፣ ለደም ምርመራ ና» ብዬ ጤና ጣቢያ ጠራሁት።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መጣ፣ እጁን ታጥቦ፣ ንጹህ ሸሚዝ ለብሶ። ክንዱን ዘረጋልኝ። ምንም አልጠየቀኝም። ለምንም የማያስፈልግ ደም ቀዳሁ። እረፍት አድርግ አልኩና አልጋ ላይ አስተኛሁት። በምሳ ሰዓት ሽሮ አስመጥቼ በአንድ ሳህን አብረን በላን። በስድስት ሰዓት እናቱ ተቀበሩ። በዘጠኝ ሰዓት ካርዱን አወጣሁና ጻፍኩ፤ «እናት ሞታለች። ለታካሚው አልተነገረም። ቤተሰብ ጠይቆ፣ እኔ ተስማምቼ።» ካርዱን ዘጋሁት።

«አታነቢልኝም?» አለኝ።

«ቸኩያለሁ ታሜ። ሌላ ቀን።»

«አንቺ ቸኩለሽ አታውቂም» አለና ሸሚዙን ቆልፎ ወጣ።

እናትህ ደብረ ብርሃን እህታቸው ጋ ሄደዋል ተባለ። ብርቱካን እሱ ጋ ስትመጣ ጥቁሯን አውልቃ፣ ባለ አበባ ቀሚስ ለብሳ፣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ ትመጣለች። እሱ በየማታው የእናቱን ድርሻ እንጀራ በትሪው ግማሽ ላይ ሸፍኖ ያስቀምጥ ነበር አሉ፤ ይህን በኋላ ነው የሰማሁት። ሦስት ሳምንት ጠበቀ። ከዚያ ጥግ ያለው ባለ ሱቅ ሸምሱ ከስልጤ አገሩ ከርሞ ተመለሰ። ለሸምሱ ዝም በል ያለው ሰው የለም። ታምራት ሳሙና ሊገዛ ሲገባ እጁን በሁለት እጁ ይዞ «አላህ ያጽናህ፤ ደግ እናት ነበሩህ» አለው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ።

በቀጥታ ወደ እኔ ነው የመጣው። ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ቆሞ አየኝ። አልጮኸም።

«ደሜን ምን አደረግሽው?»

የካርድ መደርደሪያውን ማስተካከል ጀመርኩ።

«የዚያን ቀን የቀዳሽው። ውጤቱ ምን አለ?»

ስንት አመጸኛ ያረጋጋሁ ሴት፣ አንድ ቃል አጣሁ። ትንሽ ጠበቀኝና ዘወር ብሎ ሄደ።

ማክሰኞ ቤቱ ስሄድ በሩን አልከፈተም። በውስጥ ሆኖ «የምትወጊኝ ምን እንደሆነ በምን አውቃለሁ?» አለኝ። እና ሰውየው ልክ ነው፤ ሕመም አልነበረም ያናገረው። ሕመሙ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ መርፌው ሲቋረጥ በሁለት ወሩ። ሥራውን ተወ፣ ቤቱን ጥሎ ወጣና የድሮው ባቡር ጣቢያ ጣራ ሥር ማደር ጀመረ። ክረምት ነበር። ከመጋዘኑ ግድግዳ ጋር ሲያወራ፣ በባዶ እግሩ ሐዲዱ ላይ ሲመላለስ ያዩት ሰዎች እየመጡ ይነግሩኛል። ብርቱካን «ይነሳበታል አላልኩሽም?» አለችኝ። እኛው ነበርን ያስነሳንበት።

ጋሽ ኃይሉ ከናዝሬት እንደተመለሱ ነግሬያቸው ነበር። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ምሳ ዕቃቸውን አንሥተው ወደ ሥራቸው ሄዱ። ጣቢያው ጋ ማደሩን የሰሙ ዕለት ግን «ካርዱን አምጪ» አሉኝ። መነጽራቸውን አድርገው ያቺን የጻፍኳትን ነገር ፊቴ ላይ ጮክ ብለው አነበቡልኝ። «ቤተሰብ ጠይቆ፣ እኔ ተስማምቼ።» በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን የለም።

«ይህ የእሱ ንባብ ነው። አድርሺለት።»

«አይሰማኝም እኮ።»

«አንብቢ ተባልሽ እንጂ አሳምኚው ተባልሽ?»

በየማክሰኞው ጃንጥላዬን ይዤ ጣቢያው ጋ እሄዳለሁ። ከሃያ እርምጃ ርቀት ቆሜ «ታሜ፣ የጻፍኩትን ላንብብልህ» እላለሁ። አነባለሁ። የዚያን ቀን የጻፍኩትን፣ ከሥሩም የጨመርኩትን፤ «ነርሷ ለታካሚው ዋሽታለች። ደሙን ያለ ምክንያት ቀድታለች። ቀብር አስቀርታዋለች።» መጀመሪያ ጊዜ ተነሥቶ ሄደ። በሌላው ድንጋይ ወረወረ፤ ትከሻዬን ጫፉን ነካኝ፣ አልተጎዳሁም። የጣቢያው ዘበኛ «እትዬ፣ ለሰው ሞት አነሰው፣ ምን ያደርግልሻል ይሄ?» አለኝ። ዘበኛውን ሰደብኩት፤ ዛሬም አልጸጸትም። ስንት ማክሰኞ እንደሆነ አልቆጠርኩም፤ ዝናቡ ግን እየቀነሰ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጉንፋን ይዞኝ ድምፄ ተዘግቷል። አንብቤ ልሄድ ስል፣ ብርድ ልብሱ ውስጥ እንደተጠቀለለ፣ «ጮክ በይ፣ አይሰማም» አለኝ። የእናቱ ቃል ነው። ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ። እያለቀስኩ፣ ባለኝ ድምፅ እንደገና አነበብኩት። ሲያልቅ «የት ነው የተቀበረችው?» አለኝ።

መቃብሩን ቢያይ ብቻ በቂ ነው ብዬ ነበር። ጋሽ ኃይሉ አይደለም አሉ። የእድሩን ዳኛ አቶ መንግሥቱን ይዘው ተከራከሩ፤ እኔ አጠገባቸው ነበርኩ።

«ለአሰለፈች ድንኳን ተጥሏል፣ ወጪውም ተከፍሏል» አሉ አቶ መንግሥቱ። «ሰው ሁለቴ አይሞትም። ደንባችንም አይፈቅድም።»

«ሟቿማ አንዴ ነው የሞተችው» አሉ ጋሽ ኃይሉ። «ለልጁ ግን ገና አልሞተችም። የእድሩ አባል ማነው፣ ሟቿ ነች ወይስ ኗሪው?»

አቶ መንግሥቱ ጢማቸውን እየጎተቱ ብዙ አሰቡ። ድንኳን አልፈቀዱም፤ አግዳሚ ወንበርና ሸራ ግን ሰጡን። አንድ እሑድ ማለዳ ሦስት ሽማግሌዎች ታምራት ወዳለበት ሄደው፣ ቁጭ አድርገው፣ እንደ ወጉ መርዶውን ነገሩት። የሚያውቀውን ነገር ነው የነገሩት። እሱ ግን እንደ አዲስ ነው የጮኸው። ሰፈሩ ወጣ። ሸምሱ ሱቁን ዘግቶ መጣ። ብርቱካን «ሰው ምን ይለናል» ብላ አልመጣም ስትል ነበር፤ ረፋዱ ላይ ጥቁሯን ለብሳ፣ የተላጨ ራሷን ገልጣ መጣችና ወንድሟ እግር ሥር ወደቀች። ታምራት አነሣት። ቀኑን ሙሉ አለቀሰ፣ የእናቱን ስም እየጠራ፣ በሥርዓቱ። ያን ቀን አንድም ጊዜ ከግድግዳ ጋር አላወራም።

ማግስቱን ጤና ጣቢያ መጣ። ክፍሌ ገባና ቀበቶውን ፈታ አድርጎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«ቀኝ ነው ተራው» አለኝ። ካርዱን አየሁ። ቀኝ ነበር።

ታረቀን ማለት ይከብደኛል። ለብዙ ጊዜ መርፌውን እየወሰደ፣ ካርዱን እያዳመጠ፣ ሌላ ወሬ ግን አያወራኝም ነበር። የሚገባኝ ነው ብዬ ቻልኩት። ደግሞ አንዴ ሁለቴ አገርሽቶበታል፤ ተረት አይደለም የማወራው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን የእድሩ ጡሩምባ ነፊ አረጁ፤ ታምራት ሄዶ «እኔ ልሥራው» አለ። ያጉረመረመ ነበር፤ አቶ መንግሥቱ ናቸው «ይሰጠው» ያሉት። ይኸው እስከ ዛሬ፣ ሰው የሞተ እንደሆነ ጎህ ሲቀድ በሰቃን እየዞረ ጡሩምባ ይነፋል፤ የሟቹን ስም፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ሰዓቱን ይናገራል። ከዚያ ወደ ብየዳው ይገባል። ለምን ይህን ሥራ ፈለግህ ብዬው ነበር። «ሳይሰማ የሚቀር ሰው እንዳይኖር» አለኝ፤ ወደ ሌላ ወሬ አለፈ።

አሁን ወደ ዓርብ ልምጣ። የመጨረሻ ቀኔ ነው። እኔን የተካችው ሐና ናት፤ ጎበዝ ልጅ፣ ሁሉን ነገር ታብሌት ላይ ነው የምትመዘግበው። ኬኩን ያዘዘችው እሷ ናት፤ ግብዣው በአሥር ሰዓት ነው። ታምራት ማክሰኞ መወጋት ነበረበት፤ «በመጨረሻ ቀንሽ ይሁን» ብሎ ወደ ዓርብ አዛውሮታል።

ጎህ ሳይቀድ በራችን ተንኳኳ። ባለቤቴ ከፈተ፤ በር ላይ ሲንሾካሾክ ሰማሁት። «እባክህ፣ ደም ግፊት አለባት… ማታ ብትነግሯት…» ይላል። ቀሚሴን ደርቤ ወጣሁ። ታምራት ነው፤ ጡሩምባውን በፌስታል ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ይዟል። አጠገቡ አቶ መንግሥቱ በከዘራ ተደግፈው ይቃትታሉ፤ በዚያ ዕድሜያቸው ሦስት ፎቅ ወጥተው።

«ሲስተር፣ ተቀመጪ» አለኝ ታምራት።

አልተቀመጥኩም። እሱም አልጠበቀኝም፤ ፊት ለፊቴ ቆሞ ዓይን ዓይኔን እያየ ተናገረ።

«ጋሽ ኃይሉ ትናንት ማታ ዐርፈዋል። ቀብሩ ዛሬ በስድስት ሰዓት ነው። ሐና፣ ልጆችሽም፣ ባለቤትሽም ያውቃሉ። ከኬኩ በኋላ ይነገራት ብለው ነበር። እኔ እምቢ አልኩ። ብትጮሂ ጩኺ፤ ቀብር ግን ትደርሻለሽ።»

ጮኽኩ። ኮንዶሚኒየሙ ሁሉ እስኪወጣ ጮኽኩ። ጡረታ ወጥተው ከታመሙ ጀምሮ በየሳምንቱ እየሄድኩ ጋዜጣ የማነብላቸው ሰው ናቸው፤ የዚያን ሳምንት ሽር ጉድ ብዬ ሳልሄድ ቀርቻለሁ። ያ ነገር አሁንም ይቆጠቁጠኛል። አቶ መንግሥቱ አጠገቤ ተቀምጠው አብረውኝ አለቀሱ። ታምራት ግን ከበሩ ሳይነቃነቅ እስኪወጣልኝ ጠበቀኝ፤ ከዚያ ውሃ ቀድቶ አመጣልኝ። ብርጭቆው በእጁ ላይ አልተንቀጠቀጠም። ያን ጊዜም አይቻለሁ፤ ዓይኔ ሥራውን አልተወም።

ቀብር ደረስኩ። ጋሽ ኃይሉን አፈር ሲያለብሱ ቆሜ አየሁ። ያቺን ምሳ ዕቃ ልጃቸው ይዛት መጥታ ነበር።

ከቀብር መልስ በጥቁር ልብሴ ጤና ጣቢያ ገባሁ። ኬኩ ክትባት ፍሪጅ ውስጥ ነው ያለው፤ በለቅሶ ቀን ማን ይቆርሰዋል። ክትባት ካለበት ፍሪጅ ምግብ አይገባም ብዬ ስንቱን የተቆጣሁ ሰው፣ ያን ዕለት ዝም አልኩ። ሐና ዓይኗ አብጧል። «ሲስተር፣ ለአንቺ ብዬ ነው» አለችኝ። «አውቃለሁ የኔ ልጅ፤ እኔም ያኔ ለሱ ብዬ ነበር» አልኳትና ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። ታብሌቷን አገላብጣ አየችና «ይሄም ጮክ ተብሎ ይነበባል አይደል?» አለችኝ። ምን ያቅተዋል አልኳት።

ታምራት ወንበሩ ላይ ይጠብቀኛል። ብልቃጡን መዳፌ ውስጥ ጨበጥኩ። ወሬ ግን አልመጣልኝም፤ ዝም ብለን አሞቅነው። ወጋሁት። አሥር ቆጠርኩ። ከዚያ ካርዱን አውጥቼ፣ በዓይኔ ላይ ያለው ውሃ ፊደሉን እየበታተነብኝ ጻፍኩና ቀና አልኩ።

«የጻፍኩትን ላንብብልህ።»

«አንብቢ።»

«ታካሚው በደህና ሁኔታ ላይ ይገኛል። መርፌውን ወስዷል። ዛሬ ማለዳ ለነርሷ መርዶ አረዳት፤ አልዋሻትም። ቀብር አድርሷታል። ነርሷ ታመሰግነዋለች።»

ታምራት ሲያስብ ቀበቶውን ማጥበቅ ይወዳል፤ አጠበቀ። ከዚያ ጣቱን ካርዱ ላይ አሳረፈ።

«ግራ ይሁን ቀኝ አልጻፍሽም» አለኝ። «የሚቀጥለው ወር ሐና በምን ታውቃለች?»

እውነቱን ነው፤ ረስቼዋለሁ። በሥራ ዘመኔ ሙሉ ረስቼው የማላውቀውን። «ግራ» ብዬ ጨመርኩበትና ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ጮክ ብዬ፣ እንደገና አነበብኩለት።